የተጓዦች ጥያቄና መልስ፦ ጫፉ እየታየ ስለ መመለስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ በበረዶ ውስጥ ተራራ መውጣት ነው። ሦስቱም የተላኩት ከድሬዳዋና ከሐረር መሆኑ መጀመሪያ ፈገግ አሰኝቶን ነበር፤ ደብዳቤዎቹን አንብበን ስንጨርስ ግን ፈገግታው ቀረ።

ጥያቄ፦ እኔ በድሬዳዋ የአንድ አነስተኛ የእግር ጉዞ ክበብ ጸሐፊ ነኝ። አባላቱ አሥራ አራት ስንሆን አብዛኞቻችን የከዚራና የሳቢያን ነዋሪዎች ነን፤ እሑድ እሑድ ሙቀቱ ሳይበረታ ከከተማው ወጥተን ወደ ደንገጎ አቅጣጫ ካሉት ኮረብታዎች አንዱን ወጥተን እንመለሳለን። ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ የዓመት ፈቃዳችንን አስተባብረን፣ አንድ ዓመት ሙሉ በዕቁብ መልክ ባጠራቀምነው ገንዘብ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተጓዝን። ደባርቅ አንድ ሌሊት አድረን በማግስቱ በመኪና እስከ ጨነቅ ሰፈር ገባን፤ በሦስተኛው ቀን ቧሂትን ለመውጣት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ ሰማዩ ደኅና ነበር። ከዚያ በኋላ ጭጋግ ወረደ፤ ዝናቡ ወደ በረዶ ጠጠር፣ ጠጠሩም ወደ ነጭ ብናኝ ተለወጠና በግማሽ ሰዓት ውስጥ መንገዱ ጠፍቶ ጅባራዎቹ ብቻ ቆመው ቀሩ። ስድስታችን ቀድመን ስለ ነበር ጫፉ በጭጋጉ መካከል ብልጭ ሲልልን በደስታ ጮኽን። የጉዞ መሪያችን ግን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ከኋላ ሆነው ፊሽካ እየነፉ ጠሩንና 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁላችንም እንድንመለስ አዘዙ። ምክንያታቸው አንዲት እኅታችን እየተንቀጠቀጠች ምላሷ መተሳሰሩ ነበር። አብሮን የወጣው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ ግን ጫፉ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ብቻ እንደ ቀረ ነግሮናል። እኅታችን ጨነቅ ደርሳ ልብስ ቀይራ ሻይ ስትጠጣ ደኅና ሆነች፤ አሁን እርሷ ራሷ «እኔን ከስካውቱ ጋር ልካችሁ መቀጠል ትችሉ ነበር» ትላለች። ከተመለስን ወዲህ ክበቡ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ጋሼ ነፍስ አተረፉ» ሲል ግማሹ «የዓመት ዕቁባችንን ውኃ አስበሉት» ይላል። እባክዎ ፍርድ ይስጡን።
የክበቡ ጸሐፊ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ፍርዱን ሳላዘገይ ልስጥ። ጋሼ በመመለሳቸው ትክክል ናቸው። ሆኖም ለዚያ ውሳኔ ያደረሳቸው ስሕተት የተጀመረው ከአንድ ቀን በፊት ስለ ሆነ፣ ወቀሳው ከእርሳቸውም ከእናንተም ላይ ሙሉ በሙሉ አይነሣም።

በመጀመሪያ የእኅታችሁን ነገር እንመልከት። ሰውነት ሙቀቱን እያጣ ሲሄድ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ይህ ጡንቻ ራሱን በራሱ የሚያሞቅበት መንገድ ስለ ሆነ ለብቻው የሚያስደነግጥ አይደለም። የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ግን የሚጎዳው እጅና እግር ብቻ ሳይሆን አእምሮም ነው፤ ሰውየው ይደናቀፋል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፣ ንግግሩ ይንተባተባል፣ ያለ ምክንያት ይነጫነጫል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ደኅና ነኝ፣ ተዉኝ» ይላል። ስለዚህ ምላሷ የተሳሰረ ሰው ስለ ራሷ የምትሰጠው ምስክርነት በዚያ ሰዓት ዋጋ የለውም። ሙቀቱ ወደ 32 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ደግሞ መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ የማያውቅ ሰው «ተሻላት» ብሎ የሚደሰተው በዚህ ጊዜ ነው፣ እውነቱ ግን አካሏ መዋጋቱን ማቆሙ ነው። ጋሼ ያዩት የመጀመሪያውን ደረጃ ነው፤ በዚያ ደረጃ መድኃኒቱ መውረድ፣ ደረቅ ልብስና ትኩስ ጣፋጭ ሻይ ስለ ሆነ ጨነቅ ስትደርስ ዳነች። ቶሎ መዳኗ ውሳኔው በጊዜው መወሰኑን ያሳያል እንጂ ሕመሙ ቀላል እንደ ነበር አያሳይም።

የቆላ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ብርዱን በቴርሞሜትር ቁጥር ብቻ ስለሚለካው ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ወደ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ 1,200 ሜትር ላይ ካለችው ድሬዳዋ ተነሥቶ 4,430 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው ቧሂት የወጣ ሰው፣ ከፍታው ብቻ ከሃያ ዲግሪ በላይ ይቀንስበታል። ይህ ግን ገና የታሪኩ ግማሽ ነው። በዜሮ ዲግሪ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲጨመርበት፣ የተጋለጠ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች ሰባት ዲግሪ ያህል ነው። ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር በሃያ አምስት እጥፍ ገደማ አብልጦ ስለሚያስተላልፍ፣ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚወርድ እርጥብ በረዶ ከደረቅና ከበረታ ቁር ይልቅ ይገድላል። በእኛ ተራሮች በክረምት የሚወርደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይህ እርጥቡ ነው፤ ልብስ ላይ ሲያርፍ ይቀልጣል፣ ከቀለጠ በኋላ ነፋሱ ይረከበዋል።

እኔም ይህን የተማርኩት በራሴ ስንፍና ነው። በወጣትነቴ በባሌ ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከደጋ የተወለደ ሰው ምን ይሆናል ብዬ በጋቢ ተጀቡኜ ስሄድ በረዶ መታኝ። ጋቢ ደረቅ ሲሆን እንደ እናት ያቅፋል፤ ከጥጥ የተሠራ ነውና ሲርስ ግን የተሸከመውን ውኃ ሁሉ ከገላ ጋር ያጣብቃል። ያን ዕለት ያወጣኝ አንድ የአካባቢው እረኛ ነው፤ ከሱፍ የተሠራ ባናውን አልብሶኝ ጋቢዬን እንደ ታጠበ ልብስ ጨምቆ በብብቴ አስያዘኝ። ሱፍ ርሶም ቢሆን ጥቂት ሙቀት ይይዛል፤ ጥጥ አይዝም። ጂንስ ሱሪም ጥጥ መሆኑን አትርሱ።

«እኅታችንን ከስካውቱ ጋር ልከን እኛ መቀጠል እንችል ነበር» ወደሚለው ሐሳብ ልምጣ፤ ክበባችሁን የከፈለው ይህ ይመስለኛል። ስካውቱ አንድ ነበር። እርሱ ሲወርድ መንገዱን የሚያውቀው ብቸኛ ሰው ይሄዳል፣ የምትቀሩት አሥራ ሦስታችሁም በጭጋግ ውስጥ ዱካችሁን በረዶ እየሸፈነው ትቀራላችሁ። ጋሼ አብረዋችሁ ቢወጡ ታማሚዋን የሚያውቃት ሰው አብሯት የለም፤ አብረዋት ቢወርዱ ደግሞ እናንተ መሪ የላችሁም። ቡድንን መክፈል በሜዳ ላይ ብልሃት ሊመስል ይችላል፤ በበረዶና በጭጋግ ውስጥ ግን አንድ ችግር የነበረውን ሁለት ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1971 በስኮትላንድ ኬርንጎርም ተራሮች የሆነው እስከ ዛሬ በተራራ መሪዎች ዘንድ የሚነሣ ትምህርት ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች በአቅማቸው ጠንካራና ደካማ ተብለው በሁለት ቡድን ተከፍለው ወጡ። ጠንካራው ቡድን አስቦት የነበረው መጠለያ ደረሰ፤ ደካማው ግን በሚነፍሰው በረዶ ውስጥ መጠለያውን ሳያገኝ ገላጣ ሜዳ ላይ ሁለት ሌሊት አሳለፈ። አምስት ተማሪዎችና አንዲት የ18 ዓመት ረዳት ሞቱ። የእናንተ ሁኔታ የዚያን ያህል የከፋ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሆኖም የእናንተም ቡድን ጋሼ ፊሽካ ከመንፋታቸው በፊት ተከፍሎ ነበር። ስድስታችሁ «ቀድመን ስለ ነበር» ብላችሁ የጻፋችሁትን በኩራት የጻፋችሁት ይመስለኛል፤ እኔ ግን ከደብዳቤው ሁሉ ያስጨነቀኝ ይህ ዐረፍተ ነገር ነው። ስድስት ጤነኛ ሰዎች ያዘሉት ደረቅ ሹራብ፣ ፔርሙዝና ምግብ ከታመመችው እኅት ርቆ ከፊት እየሄደ ነበር።

ስለ ቀረው ሁለት መቶ ሜትር ሐቁን መናገር ይገባል። ስካውቱ ያለው ከፍታን ከሆነ፣ ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት ስሌት ለየ600 ሜትር ሽቅብ አንድ ሰዓት ስለሚመድብ፣ ለሁለት መቶ ሜትር ሃያ ደቂቃ ይሰጣል። ስሌቱ ግን የተሠራው ለጤነኛ ሰው፣ ለመልካም አየርና ለዝቅተኛ ተራራ ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ፣ በበረዶ ላይ፣ በሸራ ጫማ ለሚሄድ የቆላ ሰው እጥፉንና ከዚያም በላይ ቢያስቡ አያጋንኑም። እንዲያም ሆኖ ከጫፉ ደርሳችሁ ሳይጨልም ጨነቅ መመለስ ትችሉ ነበር፤ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነውና። ስለዚህ የተቃዋሚዎቹ ሒሳብ ስሕተት የለበትም። ሒሳቡ ያልጨመረው እኅታችሁን ነው፤ እርሷ ያን ተጨማሪ አንድ ሰዓት ተኩል ቆማ ብትጠብቅ ትቀዘቅዛለች፣ አብራችሁ ብትወጣ ትደክማለች፣ ስካውቱ ቢወስዳት ደግሞ ከላይ ያልኩት ይደርሳል።

አሁን ወደ ስሕተቶቹ። ከድሬዳዋ ተነሥታችሁ በ2,800 ሜትር ገደማ ደባርቅ ላይ አንድ ሌሊት ብቻ አድራችሁ፣ በማግስቱ 3,600 ሜትር ገደማ ያለው ጨነቅ ላይ መተኛታችሁ መጀመሪያው ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበትን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ በተራራ ሕክምና የታወቀ ምክር ነው። በደባርቅና በጨነቅ መካከል ባለው የሳንቃበር ሰፈር አንድ ሌሊት ብታድሩ ኖሮ ሰውነታችሁ ከሣሣው አየር ጋር ይተዋወቅ ነበር። በቧሂት ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ስድሳ በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት ከመካከላችሁ ስንቱን እንደ ያዘው አልጻፋችሁም፣ ነገር ግን ማንንም አልያዘም ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው የመነሻው ሰዓት ነው፤ በእኔ ግምት ትልቁም ይህ ነው። በክረምት ወራት በደጋው ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ይገለጣል፣ ከቀትር በኋላ ደመናው ይከመራል፣ ከዚያ ነጎድጓዱና በረዶው ይመጣል። ይህን የደባርቅ ሕፃን ያውቀዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቢነሡ ኖሮ በረዶው የሚያገኛችሁ ከጫፉ ወርዳችሁ ሻይ ስትጠጡ ነበር። 3 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ማለት ከዝናቡ ጋር ጫፉ ላይ ለመገናኘት ቀጠሮ መያዝ ነው፤ መብረቅ ከላይ ባለ ገላጣ ሸንተረር ላይ ምን እንደሚያደርግም መጨመር ይቻላል። ምክንያቱን አልነገራችሁኝም፤ ከልምድ ስገምት ግን ቁርሱ ዘግይቶ፣ አንዱ ካልሲ ጠፍቶበት፣ ሌላው ፎቶ ሲያነሣ ይሆናል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው እንዲህ ላለው ጠዋት ነው።

ሦስተኛው፣ የመመለሻ ሰዓት አስቀድሞ አለመወሰኑ ነው። ጫፉ እየታየ «እንመለስ» የሚል መሪ ሁሌም ፈሪ ይባላል፤ ስለዚህ ውሳኔው ጫፉ ከሚታይበት ቦታ ርቆ መወሰን አለበት። ለወደፊቱ ገና ድሬዳዋ እያላችሁ፣ ዕቁቡ ሳይወጣ፣ «የትም ብንደርስ 6 ሰዓት ሲሆን እንመለሳለን፣ ከመካከላችን አንዱ ሲታመም ሁላችንም እንመለሳለን» ብላችሁ በቃለ ጉባኤ ጻፉት፣ እርስዎም ጸሐፊ ነዎትና ያስፈርሟቸው። በዚህ ላይ ከፊት መሪ፣ ከኋላ ደጀን ይሁን፤ ከደጀኑ ወደ ኋላ የሚቀር፣ ከመሪውም የሚቀድም አይኑር። የጉዞው ፍጥነት የመጨረሻዋ ሰው ፍጥነት ነው። ጋሼ ከኋላ ሆነው ቡድኑን ማየታቸው መልካም ነበር፤ ከፊት ግን ሰው አላስቀመጡም፣ ይህ የእርሳቸው ጉድለት ነው።

ስለ ልብስ ከድሬዳዋ ሰው ጋር ማውራት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ነገሩ ርካሽ ነው። ታይዋን ገበያ ወይም የሰልባጅ ልብስ ከሚሸጡት ዘንድ ሄዳችሁ የሱፍ ሹራብና ውኃ የማያስገባ ጃኬት ብትጠይቁ፣ በዚያ ሙቀት የሚፈልገው ስለሌለ ነጋዴው ከጥጉ አውጥቶ አቧራውን እያራገፈ በሚያስገርም ዋጋ ይሰጣችኋል። ከገላ ቀጥሎ ላብ የማይዝ ቀጭን ልብስ፣ ከዚያ ሱፍ፣ ከላይ ነፋስና ውኃ የሚከለክል ጃኬት፤ የሱፍ ኮፍያና ጓንት፣ ሁለተኛ ጓንትም በኪስ። ከስክስ ጫማ ከሸራ ጫማ እጅግ ይሻላል። በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ደረቅ ሹራብና ካልሲ ከቦርሳው ግርጌ ይቀመጥ፤ ጨነቅ ሳይደረስ አይፈታ፣ ሰው ካልታመመ በቀር። ፀሐይ በበረዶ ላይ ስትወጣ አዲስ በረዶ ከጎጂው ጨረር እስከ ሰማንያ በመቶ የሚሆነውን ወደ ዓይን ስለሚመልሰው ጥቁር መነጽር ቅንጦት አይደለም። ለምግብ ጭኮና በሶ፣ ከእናንተ ገበያ ደግሞ ቴምር፣ ከሐረር ሐላዋ ይዛችሁ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ብሉ። አረቄ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ሙቀትን ወደ ውጭ ስለሚያወጣ፣ የሚያሞቅ ቢመስልም የሚያቀዘቅዝ ነው። ጫትን በሚመለከት አንባቢዎቼን አውቃችኋለሁ፤ ምርቃናው ረሃብንም ድካምንም ስለሚሸፍን፣ ተራራ ላይ ከሁሉ በላይ የምትፈልጓቸውን ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ያጠፋባችኋል። ለዚያ ቀን ይቅር።

ክበቡን ስለ ማስታረቅ፦ ጋሼን ይቅርታ ጠይቁ፣ እርሳቸውም የመነሻውን ሰዓት ስሕተት ይመኑ። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ከመሄዳችሁ በፊት ከ3,300 ሜትር በላይ የሆነውን ጋራ ሙለታን አብራችሁ ውጡ። ቅርባችሁ ነው፤ ማን ወደ ፊት እንደሚሮጥና ማን ወደ ኋላ እንደሚቀር እዚያ ይታያል።

ጥያቄ፦ ልጄ በስኮትላንድ ኤዲንብራ ከተማ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። በስልክ ሲያወራኝ የዩኒቨርሲቲው የተራራ ተጓዦች ክበብ አባል መሆኑንና «በክረምት» በረዶ ውስጥ መጥረቢያ ይዘው ተራራ እንደሚወጡ ነገረኝ። እኔ ሐረር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ከሐኪም ጋራ በላይ አልወጣሁም። መጥረቢያው ለምንድን ነው? ተራራውስ ምን ያህል ነው? ብከለክለው ይሻላል?
አንዲት እናት፣ ከሐረር ሸዋ በር

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፣ በቅድሚያ «ክረምት» የሚለው ቃል ግር እንዳያሰኝዎት። የእኛ ክረምት የዝናብ ወራት ነው፤ ልጅዎ ያለው ግን የእነርሱን የብርድ ወራት ነው፣ ያም በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት የሚሆነው፣ በሐረር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ የሚበርድበት በጋ ነው።

ስለ ከፍታው የምነግርዎት ያስደንቅዎታል። የታላቋ ብሪታንያ ከፍተኛ ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፤ ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች እርስዎ ጀጎል ውስጥ ጀበናዎን ጥደው ሲቀመጡ ከዚያ ተራራ ጫፍ አራት መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል በላይ ተቀምጠዋል። ድሬዳዋ እንኳ ከጫፉ የምታንሰው መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ነው። በስኮትላንድ 914 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ተራሮች 282 ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1891 ዝርዝራቸውን ባወጣው ሰው ስም መንሮ ይባላሉ፤ የአገሩ ተጓዦች አንድ በአንድ እየቆጠሩ ይወጧቸዋል፣ ልጅዎም ሳይቆጥር አይቀርም።

እንግዲያው አደጋው ከምን ይመጣል ቢሉ፣ ከፍታው ሳይሆን ነፋሱ፣ እርጥበቱና የቀኑ ማጠር ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ በኤዲንብራ ፀሐይ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብላ ወጥታ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ሙሉው ቀን ሰባት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ጭጋግና በረዶ ሲገጥሙ ሰማይና ምድር አንድ ነጭ ስለሚሆኑ ሰው የገደሉን አፋፍ ሳያይ ይራመድበታል። ስለዚህ ካርታና ኮምፓስ ማንበብ የግድ ነው፤ ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

መጥረቢያ ያሉት ነገር እንጨት አይፈልጥም። ረጅም እጀታ ያለው፣ በአንድ ወገን የሾለ፣ በሌላው እንደ ትንሽ ዶማ የሰፋ መሣሪያ ነው፤ በጠጣር በረዶ ላይ እንደ ምርኩዝ ይተከላል፣ ደረጃ ይቆፈርበታል፣ ተጓዡ ከተንሸራተተ ደግሞ በሆዱ ተገልብጦ ሹሉን በክብደቱ በረዶው ውስጥ እየጫነ ራሱን ያቆምበታል። ከጫማው ሥር የሚያስረው የብረት ጥርስ ክራምፖን ይባላል። ሁለቱም ያለ ልምምድ ከጉዳት በቀር ጥቅም የላቸውም። ደኅና ክበብ አዲስ አባላትን መጀመሪያ የሚወስደው ገደል በሌለበት አጭር ቁልቁለት ላይ ሆን ብለው እየተንሸራተቱ ራሳቸውን እንዲያቆሙ ለማሠልጠን ነው። የበረዶ ናዳም አለ፤ አብዛኛው የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ሲሆን፣ በስኮትላንድ ይህንን የሚከታተል መንግሥታዊ አገልግሎት በብርድ ወራት ለስድስት ተራራማ አካባቢዎች በየቀኑ ማስጠንቀቂያ ያወጣል።

አይከልክሉት። አዋቂ ልጅ ከርቀት ሲከለከል ሳይነግርዎት ይሄዳል፣ ያ ደግሞ ይብሳል። ይልቁንስ ሲደውል እነዚህን ይጠይቁት፦ መሪያችሁ ማን ነው፣ በበረዶ የመምራት ሥልጠናስ አለው? በመሣሪያው ራስህን ማቆም ተለማምደሃል? የመመለሻ ሰዓታችሁ ስንት ነው? የምትሄዱበትን መንገድና የምትመለሱበትን ሰዓት ከተማ ውስጥ ለቀረ ሰው ጽፋችሁ ሰጥታችኋል? የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካና ትርፍ ጓንት ይዘሃል? የመጨረሻው ሰው ማን ነው? እነዚህን ሳይንተባተብ ከመለሰልዎት በእፎይታ ይተኙ። ፊሽካውን የጠየቅሁበት ምክንያት አለኝ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ እንደ ገና ስድስት ጊዜ መንፋት በእነርሱ ተራሮች «ድረሱልኝ» ማለት ነው። በስልክ ደግሞ 999 ደውሎ ፖሊስን፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን ቡድንን መጠየቅ ነው። አዳኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ገንዘብም አያስከፍሉም፤ ልጅዎ ዕዳ ፈርቶ ከመደወል እንዳይዘገይ ይህንን በተለይ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «በኢትዮጵያ በረዶ ይጥላል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፤ «ጠጠሩ እንጂ በፊልም የምታዩት ዐይነት አይጥልም» አልኳቸው። አንድ ተማሪ ራስ ዳሸን ላይ ይጥላል ብሎ ተከራከረኝ። ማን ልክ ነው?
መምህር፣ ከሐረር

መልስ፦ ተማሪው ልክ ነው። ግራ የሚያጋባው ቋንቋችን ነው፤ ከደመና የሚወርደውን ጠጠርም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የረጋውን ውኃም፣ እንደ ብናኝ የሚወርደውንም በአንድ ቃል በረዶ እንላለን። ሆኖም ዳዊት የሚደግም ሰው ለብናኙ አመዳይ፣ ሌሊት ሣር ላይ ለሚጋገረው ውርጭ የሚሉት ቃላት እንዳሉ ያውቃል፤ በክፍልዎ ቢጠቀሙባቸው ክርክሩ በግማሽ ይቀንሳል።

ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ዳሸን፣ በቧሂትና በ4,377 ሜትሩ የባሌ ቱሉ ዲምቱ አመዳይ ይወርዳል። የሚወርደው በአብዛኛው እርጥበት በሚኖርበት በክረምትና በበልግ ነው። ሌሊቱ ይበልጥ የሚበርደው ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆንም በእነዚያ ወራት አየሩ ደረቅ ስለ ሆነ የሚታየው ውርጭ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆንን የቀትር ፀሐይ ብርቱ ናትና አመዳዩ ሳይቆይ ይቀልጣል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በበረዶ ዘመን ግን በሰሜንም በባሌም ተራሮች ላይ የማይቀልጥ ግግር ነበር፤ አለቱን የፋቀበት ምልክት አሁንም ይታያል።

ማስረጃ ለሚፈልግ ተማሪዎ ከዚህ የቆየ አለልዎት። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልቀረ አንድ የአክሱም ንጉሥ ከወንዙ ማዶ የሰሜንን ሕዝብ ለመውጋት እንደ ዘመተ ይተርካል፤ አገሩ ውርጭና አመዳይ የማይለየው፣ በረዶውም ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት እንደ ነበርም ይናገራል። ወንዙ ተከዜ እንደ ሆነ ይታመናል። የድሬዳዋው ክበብ ጸሐፊ ይህን ቢያነብ እርሱንና ባልንጀሮቹን የቀደመ ጦር እንደ ነበር ያውቃል።

ተማሪዎችዎን ወደ ሰሜን መውሰድ ባይችሉም፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ማግስት ፀሐይ ሳትወጣ ሐረማያ አካባቢ ወዳለ ዝቅተኛ ማሳ ይውሰዷቸው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚፈስስ ከኮረብታው ይልቅ ሜዳው ላይ ውርጩ ቀድሞ ይጋገራል። ቴርሞሜትር ይያዙ፤ አንዱን ሣሩ ላይ፣ አንዱን በሰው ቁመት ያህል ከፍ አድርገው አንጠልጥለው ልጆቹ ልዩነቱን ራሳቸው ይመዝግቡ። ጓንት ማድረጋቸውንም አይርሱ።